አደራ የሚል ሣጥን የሌለው ቅጽ

ወደ ደባርቅ የሄድኩት ሰው ላስተምር ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ብትታዘቡኝም ይገባኛል ለማለት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ባለጉዳይ በሚበዛበት አንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በአጥቢያችን አዳራሽ አስተምራለሁ። የምወደው ርእስ «ሃይማኖታችን በቢሮአችን» የሚል ነው። የዩኒቨርሲቲ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ አስናቀ ደባርቅ መምህር ሆኖ እዚያው ጎጆ ቀልሷል። እሱ ደውሎ «የመንግሥት ሠራተኞች የጽዋ ማኅበር አለን፤ ያቺን ትምህርትህን ናና አሰማን» ሲለኝ ሁለት ጊዜ አላስለመንኩትም። አሥራ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ባለቤቴ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ለሙከራ መጀመሪያ እዚህ ቤት ብታስተምርበትስ?» አለችኝ። ሳቅኩ እንጂ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

ማክሰኞ

በአውሮፕላን ጎንደር ወርጄ መናኸሪያ ስደርስ የደባርቁ ሚኒባስ ሁለት ሰው ብቻ ይጠብቅ ነበር። የሾፌሩ መስታወት በሥዕለ አድኅኖ ተሸፍኖ መንገዱ የሚታይበት ቀዳዳ ጠቧል። ሾፌሩ በየቤተ ክርስቲያኑ አንፃር ያማትባል፤ ባማተበበት እጁ መልሶ ስልክ ያነሣል። እኛም አገር ያው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ልዩነቱ የአዲስ አበባው ታክሲ ገደል አጠገብ አለመሄዱ ነው።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ እህል ሊጫን ቆምን፤ እዚያው ዝናቡ ወረደ። ቦርሳዬ ጣሪያ ላይ ነበር። ረዳቱ ሲያወርድልኝ አሥራ ሁለቱም ገጽ ውኃ ጠጥቷል። ፊቴ ሲገረጣ አጠገቤ የነበሩ የእህል ነጋዴ ሴት «አይዞህ ወንድምዓለም» ብለው ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና ለተሳፋሪው አንዳንድ ገጽ አደሉት። እስከ ዳባት ድረስ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው የእኔን ትምህርት በሁለት እጁ ዘርግቶ፥ በመስኮት በሚገባው ነፋስ እያደረቀልኝ ተጓዘ። አዲስ አበባ ቢሆን የራሴን ወረቀት እንኳ ራሴ የማሰጣበት ቦታ አላገኝም።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ምን ይላል ይኸ የያዝነው?» ብለው ጠየቁ።

«በሥራ ቦታ እውነት መናገር ይገባል ነው የሚለው፥ አባቴ።»

«ኧረግ! ይችን ለማለት ይኸ ሁሉ ወረቀት?»

ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ትንሽ ግን ከፋኝ።

ደባርቅ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይበሳል። አስናቀ አልጋውንና ጋቢውን ለእኔ ሰጥቶ እሱ መሬት ላይ ፍራሽ ዘረጋ። ብለው ብሠራው እሺ አላለኝም፤ «እንግዳ ነህ፤ አትከራከር» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

ረቡዕ

ጧት አስናቀ ሊማሊሞን አሳየኝ። ሰው ሁሉ የሚያወራለት ገደል ነው፤ እኔ ግን ከሰሜን ጫፍ ቁልቁል የሚንፏቀቁትን የጭነት መኪኖች ሳይ ከጫፉ ወደ ኋላ ስለሸሸሁ ብዙ አላየሁም። ወደ ከተማ ተመልሰን ሽሮና ባቄላ በላን። ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አሥራ ሁለቱን ገጽ አነበብኩ። ወረቀቱ እንደ ቂጣ ደርቆ ይንኳኳ ነበር። ሰው አጨበጨበ። «የክርስቲያን ብዕር ሐሰት አይጽፍም» ባልኩበት ቦታማ ሁለት ሴቶች እልል አሉ፤ ልቤ አበጠ።

ጥያቄ ሲፈቀድ አንዲት ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት፥ ጃኬት የለበሰች ሴት ተነሣች። ትዕግሥት ትባላለች፤ የገጠር መሬት ምዝገባ ባለሙያ ናት።

«ጋሼ፥ የእኔ ጥያቄ የተገላቢጦሽ ነው» አለች። «እኛ እውነት ጻፉ እያልን አንድ ገበሬ ግን በስሜ አትጻፉኝ ብለው እንቢ አሉ። ከወንዝ ማዶ ያለውን ማሳ ከሠላሳ ዓመት በላይ አርሰውታል። ባለቤቱ ቤተ እስራኤል ነበር፤ ቤተሰቡን ይዞ ወደ እስራኤል ሄደ። ሽማግሌው አደራ ነው የሰጠኝ፥ የእኔ ነው ብዬ አልፈርምም ይላሉ። ቅጻችን ላይ ያለው ውርስ፥ ስጦታ፥ ድልድል ነው። አደራ የሚል ሣጥን የለም። ነገ ስም ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ ካልተመዘገቡ ማሳው ወደ ቀበሌ ይመለሳል። ሚስትዮዋ እያለቀሱ ነው። ትንሹ ልጃቸው መሬት አጥቶ መተማ ሰሊጥ ያጭዳል፤ እሱን የሚመልሱት በዚያ ማሳ ነው። ምን ልበላቸው?»

ደነገጥኩ። በአሥራ ሁለት ገጽ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። እኛ መሥሪያ ቤት የሰውን መሬት የራሱ ለማስመሰል ሦስት ምስክር ይዞ የሚመጣ እንጂ፥ የያዘውን የእኔ አይደለም ብሎ እንቢ የሚል አይቼ አላውቅም። «እኒህን ሰው ማየት አለብኝ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር በልቤ ለቀጣዩ ትምህርቴ ምሳሌ አድርጌ ጽፌያቸው ነበር።

«እንግዲያው ነገ አብረውን ይምጡና ያግባቡልን» አለች። «የቤተ ክርስቲያን ሰው ከነገራቸው ይሰሙ ይሆናል።»

ሐሙስ

የመንደሩን ስም አልጽፍም። ከደባርቅ ወደ ዳባት ስትመለሱ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ተራራው ሥር ይገኛል። ፒካፑ የደረሰበት ድረስ ደርሶ ቆመ፤ የቀረውን በበቅሎ ሄድን። በቅሎዋ ጅረቱን ስትዘል እኔ ጅረቱ ውስጥ ቀረሁ። ትዕግሥት አፏን ይዛ ሳቀች፤ ባለ በቅሎው ግን «እግዚአብሔር ያትርፍዎ! ይች በቅሎ ጠላት ናት» እያለ በቅሎዋን ስለ እኔ ገሠጻት።

ሽማግሌው አያ ታከለ ይባላሉ። ረጅም፥ ደረቅ፥ ሲናገሩ ቃሉን እያኘኩ የሚያወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይታይሽ መበስበሴን ሲያዩ ሳይጠይቁኝ ጫማዬን አወለቁና ለብ ባለ ውኃ እግሬን ያጥቡ ጀመር። እግሬን ልስብ ብል በሁለት እጃቸው ያዙት። የእናቴ እኩያ የሆኑ ሴት፥ ላስተምራቸው የመጣሁትን ሰውዬ ጣት በጣት ሲያጥቡ የት እንደምገባ ጠፋኝ። አዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ እኔ የማቀብለው የዋይፋዩን ቁጥር ነው።

የገብስ እንጀራ በተልባ ወጥ፥ ጠላም ቀረበ። ይታይሽ ለይዞታ ደብተሩ ብለው ደባርቅ ወርደው የተነሡትን ፎቶግራፍ አሳዩኝ። ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፋል። እሳቸው ሹሩባ ተሠርተው ተነሥተዋል፤ የባላቸው ፎቶ ግን የለም።

«በሉ መምህር፥ ይንገሩልኝ» አሉኝ። «ልጄ በሙቀት አገር ሊያልቅብኝ ነው።»

ነገርኳቸው። ሕጉን ነገርኳቸው፤ ሠላሳ ዓመት ያለማ ሰው መብት እንዳለው፥ የሄደው ቤተሰብ እንደማይመለስ፥ መሬቱን ለሌላ መልቀቅ ለማንም እንደማይጠቅም። አያ ታከለ መሬት መሬት እያዩ «የእኔ ነው አልልም» ብቻ ይላሉ። በመጨረሻ ሃያ ስድስት ዓመት ቅጽ ሳስሞላ የተማርኩት ብልሃት መጣልኝ።

«አባቴ፥ አደራ የሰጠ ሰው ካልተመለሰ የሰጠው ስጦታ ሆነ ማለት ነው። የእኔ ነው አይበሉ፤ ስጦታ ነው ይበሉ። ስጦታ የሚል ሣጥን አለ።»

ትዕግሥት ቀና ብላ አየችኝ። ትናንት «የክርስቲያን ብዕር» ያለው ሰው እኔ መሆኔን ለማረጋገጥ ይመስል ነበር። እኔ እንኳ ያን ጊዜ ሐሰት እንዳስጻፍኩ አልተሰማኝም፤ ለደኅና ሰው ደኅና መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። አያ ታከለ «የተማራችሁት እንዲያ ካላችሁ…» አሉ። ይታይሽ ጉልበቴን ሊስሙ ተነሡ። ትዕግሥት «ስጦታ» የሚለውን ሣጥን ምልክት አደረገችበት።

የሚካኤል ዕለት ስለነበረ ያረሰ አልነበረም፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ከጽድ ዛፉ ሥር ተሰበሰበ። እዚያ አገር የድንበር ነገር ከመነበቡ በፊት ቄስ ይገዝታል። መምሬ ፈንታ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ቆሙ።

«የባልንጀራውን ድንበር የገፋ፥ የሰውን የእኔ ነው ያለ፥ እያወቀ የደበቀ ውግዝ ይሁን!»

«ይሁን!» አለ ሕዝቡ። እኔም አልኩ።

ትዕግሥት ታነብ ጀመር። እገሌ፥ ውርስ። እገሊት፥ ድልድል። ተቃውሞ አለ? የለም። አንዱ ጋ ሲደርስ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ስለ አንዲት የባሕር ዛፍ ነበር፤ በሳቅ አለቀ። ከዚያ «ከወንዝ ማዶ፥ አቶ ታከለና ወይዘሮ ይታይሽ፥ የተገኘበት ሁኔታ፥ ስጦታ» አለች።

«ቁሚ» አሉ አያ ታከለ። በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። «ስጦታ አይደለም።»

ትዕግሥት በጭንቀት «እሺ፥ አደራ ነው ብለው ይናገሩና ቃለ ጉባኤ ላይ እንያዘው» አለቻቸው።

«አደራም አይደለም።»

ይታይሽ «አንተ ሰውዬ ምን ነካህ?» ሲሉ ይሰማል።

«ማንም አደራ አልሰጠኝም» አሉ አያ ታከለ። «አደራ የምትለዋን እኔ ነኝ ያወጣኋት። ዝና ልጄን አልበላቻትም።»

ዝና ማሳውን ትቶ የሄደው የቤተ እስራኤሉ ቀጥቃጭ ሚስት፥ ሸክላ ሠሪዋ እንደነበረች አጠገቤ የቆመው ባለ በቅሎ በጆሮዬ ነገረኝ። የእነ አያ ታከለን የአምስት ዓመት ልጅ፥ ትርንጎን፥ በቡዳ ዓይን በልታለች ተብላ ነው ቤተሰቡ ከመንደሩ የወጣው።

«ትርንጎን ኩፍኝ ነው የያዛት» አሉ ሽማግሌው። ቃሉ ከበፊቱም ይልቅ ተጎተተ። «ይታይሽ ዳባት ጤና ጣቢያ አዝያት ልሂድ አለችኝ። ገብሱ ታጭዶ ሜዳ ላይ ነበር፤ ደመና ዞሯል። ሦስት ቀን ቆዪ፥ እህሉን እናንሣ አልሁ። በአራተኛው ቀን ልጅቱ አለፈች። ሰው ተሰብስቦ ምን አገኛት ሲለኝ፥ ያቆየኋት እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ይታይሽ ውኃ ወርዳ ሳለ ልጅቱ ቡዳ እንደበላው ሰው ለፍልፋ የዝናን ስም ጠራች አልሁ። አልጠራችም። እኔ ከአልጋዋ ሥር ተቀምጬ ነበር። የጠራችው እናቷን ነው።»

ትዕግሥት የያዘችውን ዝርዝር ዝቅ አደረገች።

«የቀረውን እናንተ ታውቁታላችሁ» አሉ። «ድንጋይ ያነሣን አለን። በጠራራ ፀሐይ ነው የወጡ፤ ገብሳቸው ሳይታጨድ። ያን ገብስ ያጨድሁ እኔ ነኝ።»

ከሕዝቡ ውስጥ ጠጉራቸው የሸበተው አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፉ። ወጣቶቹ አባቶቻቸውን ያዩ ነበር። መምሬ ፈንታ መስቀሉን አወረዱ፤ የአያ ታከለ የንስሐ አባት ናቸው፤ እሳቸውም ገና መስማታቸው መሆኑ ከፊታቸው ይታወቃል።

ይታይሽ ከተቀመጡበት አልተነሡም። ድምፃቸው በጣም ዝቅ ብሎ «እኔን ጠራች?» አሉ።

«ጠራችሽ።»

«ስንት ጊዜ?»

አያ ታከለ ዱላቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ይታይሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጉሮሮውን ጠርጎ ማሳው ባለይዞታ የለውም፥ ወደ ቀበሌ ይመለስ አለ። ተቃውሞ አለ? የለም። ትዕግሥት «ስጦታ» የሚለውን ሰረዘች። ሣጥኗን ያስሞላኋት እኔ ነኝና ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ረቡዕ በዚህ ሰው ታማኝነት ደነገጥኩ፤ ሐሙስ በኃጢአቱ ደነገጥኩ፤ ከሁለቱ ይልቅ ግን የደነገጥኩት በራሴ ነው። እሳቸው ሠላሳ ዓመት አልፎም በውሸቱ ላይ ሌላ ውሸት መጨመር ከብዷቸው ነበር፤ እንዲጨምሩ ያግባባኋቸው መምህሩ ነኝ። ያዘጋጀሁላቸውን ምሳሌ ከልቤ አወጣሁት፤ በምትኩ ምን እንደማስገባ አላወቅኩም።

ሌሊቱን መምሬ ፈንታ ቤት አደርን። ቆሎ አስቆልተው፥ የበግ ቆዳ አንጥፈው፥ ልጆቻቸውን ወደ ጎረቤት ልከው ቦታ ሰጡን። «ብርድ አገኛችሁ ይሆን» እያሉ ብቻ ይመላለሱ ነበር።

ዓርብ

ጧት ወደ ፒካፑ ስንወርድ ይታይሽ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ጉልበታቸው ላይ ትንሽ ጓዝ አለ።

«ዳባት እኅቴ ቤት ጣሉኝ» አሉ።

«እስከ መቼ እማማ?» አለች ትዕግሥት።

«እንጃ።»

አያ ታከለ ከላይ አጥሩ ጥግ ቆመው ነበር። አልተከተሉም፤ አልተጣሩም። ይታይሽም ዞር ብለው አላዩም። አዲስ አበባ ቢሆን ሽማግሌ ተልኮ፥ ዘመድ ተጠርቶ፥ ሰው ሁሉ በነገሩ ገብቶ ነበር። እዚያ ግን በየቤቱ ደጃፍ የቆመው ሰው ዝም ብሎ እጅ እየነሣ አሳለፋቸው።

ጋቢና ውስጥ በትዕግሥትና በእኔ መካከል ተቀመጡ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ክንዴን ነካ አደረጉኝ። እስከዚያች ሰዓት «አንቱ» ሲሉኝ የነበሩት ሴት «አንተ» አሉኝ።

«አንተ ልጄ፥ አዲስ አበባ ላይ ወደነ ዝና አገር የሚሄድ ሰው አይጠፋም፤ አይደል?»

«አይጠፋም እማማ።»

«ጻፍልኝ እንግዲህ።»

ትዕግሥት ከማስታወሻ ደብተሯ አንድ ገጽ ገነጠለችልኝ። ሾፌሩ ሳይነገረው መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ «ለተከበሩ ወይዘሮ ዝና፥ እንደምን ሰነበቱ» ብዬ ጀመርኩና አነበብኩላቸው።

«አጥፋው። ሰላምታ የምልበት አፍ የለኝም። ‹ልጄን አልበላሽብኝም› ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ብዕሬን ይዤ ጠበቅኩ። «ይቅርታ ልበልልዎ?» አልኳቸው።

«ይቅርታውን ፊቷ ቆሜ ካልሆነ አልልም። ገንቦዎቿን በድንጋይ የሰበርሁ እኔ ነኝ፤ እሱን ታውቀዋለች። ይኸኛውን ግን የሚነግራት የለም። እስከ ዛሬ ያች ሴት ‹ልጄን በላችብኝ ትለኛለች› እያለች ትኖራለች። አንብብልኝ እስቲ።»

አነበብኩላቸው። አንድ መስመር ናት። «ቀስ ብለህ» አሉኝ፤ ቀስ ብዬ ደገምኩላቸው። ትዕግሥት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ ዘመድ እዚያ ያላቸው ሁለት ሰዎች እናፈላልጋለን ብለውኛል። የያዝኩት አንድ ስምና አንድ መንደር ነው። ማኅበራችን በሚቀጥለው ወር እንዳስተምር ሲጠይቀኝ አልችልም አልኩ፤ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ይህን ጻፍኩ።

በዚያች ጧት መኪናው ሊነሣ ሲል አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር።

«ከማን ልበል?» አልኳቸው።

«ከትርንጎ እናት በል» አሉኝ። «የእኔን ስም ረስታው ይሆናል። እሷን ግን አትረሳትም።»